የሶላር ፓኔል ዕድሜ የሚወሰነው በሴሉ ሳይሆን በለበሰው ነገር ነው

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡ ቻናሎችን የሚከታተል ሰው ይሄን ቪዲዮ ሳያየው አይቀርም። አንዱ ቀጭን ጥቁር ሶላር ፓኔል በሁለት እጁ ይዞ ያጎብጠዋል፣ ይለቀዋል፣ ደሞ መልሶ ያጎብጠዋል፣ ከስሩ «አይሰበርም፣ አይከብድም፣ የፈለጋችሁት ቦታ ይለጠፋል» የሚል ጽሑፍ አለ። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት አገር ይሄ ነገር ቢያጓጓ አይገርምም። ኮሜንት ላይ ያለው ጥያቄ ግን ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፣ ሞኖ ነው ፖሊ (ሲሊከኑ አንድ ወጥ ክሪስታል ነው ወይስ የብዙ ትንንሽ ክሪስታሎች ስብስብ)? ስንት ዋት ነው? ስንት ፐርሰንት ነው (ከሚያርፍበት ፀሐይ ስንቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል)? ፊቱ ከምንድነው የተሰራው ብሎ የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። እኔ ደግሞ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ።

ምክንያቱም ገበያ ላይ የምናገኘው ባለመስታወቱም ሆነ ፍሌክሲብል የሚባለው የሚጎብጠው ፓኔል ውስጡ ያለው ሴል፣ ማለትም ፀሐይን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል፣ የሚሰራበት ነገር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፣ ክሪስታል ሲሊከን። ሲሊከን ደሞ በቀላሉ የሚሞት ነገር አይደለም። ውሃና እርጥበት ካልደረሰበት፣ ካልተሰነጠቀ፣ ከልክ በላይ ካልጋለ ሰላሳ ዓመትና ከዛም በላይ ይሰራል። ፓኔሉን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የሲሊከኑ እርጅና ሳይሆን የተሸፈነበት ነገር መበላሸት ነው፣ ማለትም ፊቱ ላይ ያለው ፕላስቲክ፣ መሀሉ ላይ ያለው ማጣበቂያ፣ ከጀርባ ያለው ሽፋን። ይሄ ከገባን ሌላው ሁሉ ቀላል ይሆናል።

እስቲ ባለመስታወቱን ከፊት ወደ ኋላ እንበትነው። ከፊት ያለው መስታወት እንደ ቤታችን መስኮት ተራ መስታወት አይደለም። ብዙ ጊዜ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፣ ውስጡ የሚገኘው የብረት መጠን ሆን ተብሎ እንዲቀንስ ተደርጎ ነው የሚሰራው። ተራ መስታወት በጠርዙ በኩል ስታዩት አረንጓዴ የሚመስለው በዛ ብረት ምክንያት ነው፣ አረንጓዴነቱ ደሞ ብርሃን ይበላል። የፓኔል መስታወት ግን ከሚያርፍበት ብርሃን ከ91 በመቶ በላይ ያሳልፋል፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ሽፋን ከተቀባ ትንሽ ይጨምራል። በተጨማሪም በሙቀት የጠነከረ ነው፣ ቴምፐርድ የሚባለው፣ ቢሰበር እንኳን ስለታም ሆኖ ሳይሆን ደቅቆ ነው የሚፈረካከሰው። የፓኔሉን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህል የሚይዘው ይሄ መስታወት ነው፣ 400 ዋት የሚባለው ፓኔል 20 ኪሎ አካባቢ የሚመዝነውም ለዛ ነው። የመስታወት ትልቁ ጥቅሙ ግን ጥንካሬውም ብርሃን ማሳለፉም አይደለም። ውሃ በእንፋሎት መልክ እንኳን አያልፈውም። ይሄን ያዙልኝ፣ ወደ ፕላስቲኩ ስንመጣ እንመለስበታለን።

ከመስታወቱ ስር ኢቪኤ የሚባል ፕላስቲክ አለ። ሲመጣ ደብዘዝ ያለ ነጭ ጥቅል ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ ላሚኔተር በሚባል ማሽን አየሩ ተመጦ ወደ 150 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ሲጫን ቀልጦ ጥርት ይልና መስታወቱን፣ ሴሎቹን እና የጀርባውን ሽፋን አንድ አካል ያደርጋቸዋል። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ሥራውን በደንብ ይሰራል፣ ግን አንድ ጠባይ አለው፣ እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቁበት አሴቲክ አሲድ ያወጣል፣ ያው ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ ማለት ነው፣ እሱ ደሞ ሴሉ ላይ ያሉትን የብር መስመሮች ቀስ እያለ ይበላቸዋል። ለዚህ ነው አሁን አሁን በተለይ በአዲሶቹ ሴሎችና ፊትና ጀርባቸው መስታወት በሆኑት ፓኔሎች ላይ ፒኦኢ የሚባለው ሌላ ፕላስቲክ እየገባ ያለው፣ እርጥበትን የተሻለ ይከላከላል፣ አሲድም አያወጣም።

መሀል ላይ ሴሎቹ። ከድንጋይና ከአሸዋ የሚገኘው ሲሊከን ዘጠኝ ጊዜ ዘጠኝ እስኪሆን ድረስ ይጣራል (99.9999999 በመቶ ማለት ነው)፣ ከ1,400 ዲግሪ በላይ ይቀልጣል፣ ከቀለጠው ውስጥ አንድ ወጥ ክሪስታል ቀስ ተብሎ ተጎትቶ ይወጣል፣ ከዛ ውፍረቱ 0.15 ሚሊሜትር ገደማ ወደሆነ ሉህ ይቆረጣል። በፊቱ ላይ የብር መስመሮች ይታተማሉ፣ ሴሎቹ ቆርቆሮና እርሳስ በተቀባ የመዳብ ሪባን ይያያዛሉ። በ1954 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አሜሪካ ቤል ላብስ የመጀመሪያውን ለሥራ የሚሆን የሲሊከን ሴል ሲያሳይ 6 በመቶ አካባቢ ነበር፣ ዛሬ ሱቅ ላይ ያለው ጥሩ ፓኔል 22 በመቶ ይደርሳል። ሞኖ ወይስ ፖሊ የሚለው ክርክር በነገራችን ላይ ያለቀ ክርክር ነው፣ ፖሊ ከአዳዲስ ፋብሪካዎች ወጥቷል ማለት ይቻላል፣ አሁንም «ፖሊ ነው» ተብሎ አዲስ ዕቃ ከቀረበላችሁ ቆም ብላችሁ ስንት ዓመት መጋዘን እንደቆየ ጠይቁ።

ከጀርባ ደግሞ ወይ ሌላ መስታወት ወይ ባክሺት የሚባል ብዙ ድርብርብ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን አለ። ዙሪያው የአሉሚኒየም ፍሬም ነው። የጀርባዋ ጥቁር ሳጥን፣ ጃንክሽን ቦክሷ፣ ውስጧ ባይፓስ ዳዮዶች አሉ፣ አንድ ሴል ጥላ ሲያርፍበት ወይ ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ በጎን እንዲያልፍ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

አሁን «የሚገድለው ሽፋኑ ነው» ያልኩትን ላስረዳ፣ ማስረጃው ደሞ ከፍሌክሲብል ሳይሆን ከራሱ ከባለመስታወቱ ታሪክ ነው የሚጀምረው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሪሳ ሜዳ ላይ አርኮ ሶላር የሚባል ኩባንያ በወቅቱ በዓለም ትልቁ የነበረውን የሶላር ጣቢያ ገነባ። ብርሃን እንዲጨምር ብለው ከፓኔሎቹ ጎን መስታወት (የሚያንጸባርቀውን) አቆሙበት። ፓኔሎቹ ከልክ በላይ ጋሉ፣ የፀሐዩም ጨረር በረታባቸው፣ ውስጣቸው ያለው ኢቪኤ ቢጫ ሆነ፣ ከዛ ቡናማ ሆነ፣ ኃይላቸው ወረደ፣ ጣቢያው ብዙም ሳይቆይ በ1990ዎቹ ተነቀለ። ሲሊከኑ አልነበረም የታመመው፣ ብርሃኑ ወደሱ እንዳይደርስ ያደረገው ከላዩ የነበረው ፕላስቲክ ነው። ከዛ በኋላ ነው ኢንዱስትሪው የኢቪኤውን ቅመማ ያስተካከለው።

በተቃራኒው ስዊዘርላንድ ሉጋኖ ከተማ በ1982 የተተከለ አሥር ኪሎዋት የሚሆን ጣቢያ አለ፣ ፓኔሎቹን የሰራው ይሄው አርኮ ሶላር ነው። በአውሮፓ ከግሪድ (ከዋናው የመብራት መስመር) ጋር ከተገናኙት የመጀመሪያው ነው። ከ35 ዓመት በኋላ አንድ በአንድ ሲለኩ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከመጀመሪያ ኃይላቸው ከ80 በመቶ በላይ ይሰጡ ነበር። በጣም የሚገርመው ግን በመሀላቸው ያለው ልዩነት ነው። አንድ ኩባንያ፣ አንድ ዓይነት ሴል፣ አንድ ጣሪያ፣ አንድ ፀሐይ፣ ግን ሴሉን ያቀፈው ፕላስቲክ ቅመማው ስለሚለያይ የአንዱ ቡድን እርጅና ከሌላው ቡድን በግልጽ ይለያል። ከዚህ የበለጠ ንጹህ ሙከራ ላብራቶሪ ውስጥም አይገኝም።

ወደ ፍሌክሲብሉ እንምጣ። መጀመሪያ ስሙ አንድ ቢሆንም ዕቃው አንድ አይደለም። እዚህ አገር አብዛኛው ሰው እጅ የሚገባው ያው የሲሊከን ሴል ሆኖ መስታወቱ ወጥቶ በምትኩ ፕላስቲክ የገባበት ነው። ሁለተኛው እውነተኛ ስስ ፊልም ነው፣ ሴሉ ራሱ ጥቂት ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ውፍረት ያለው ቅብ ሆኖ በብረት ፎይል ወይም በፕላስቲክ ላይ የሚቀባ። ሦስተኛው ፓወር ስቴሽን ከሚባለው ተንቀሳቃሽ የባትሪ ሳጥን ጋር የሚሸጠው እንደ ቦርሳ የሚታጠፍ ነው፣ እሱ ላይ የሚታጠፈው ጨርቁ እንጂ ፓኔሉ አይደለም፣ ትንንሽ ድርቅ ያሉ ፓኔሎች ጨርቅ ላይ ተሰፍተው ነው።

የመጀመሪያውን ላስቀድም፣ ምክንያቱም ገንዘባችን እየሄደ ያለው እዛ ላይ ነው። መስታወቱ ሲወጣ በምትኩ የሚገባው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፔት ነው፣ የውሃ ሃይላንድ የሚሰራበት ፕላስቲክ። ሁለተኛው ኢቲኤፍኢ ነው፣ ፍሎሪን ያለበት የፕላስቲክ ቤተሰብ ነው፣ እንግሊዝ አገር ኤደን ፕሮጀክት የሚባለው ትልቅ የዕፅዋት ቤት በ2001 ሲከፈት፣ ቤጂንግም ለ2008 ኦሎምፒክ የመዋኛ አዳራሹን ስትሰራ ጣሪያና ግድግዳ ያደረጉት እሱን ነው። ፀሐይ ብዙም አያጠቃውም፣ ብርሃንም በደንብ ያሳልፋል። ፔት ግን ውጪ ላይ ፀሐይ ሲመታው ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ የተረሳ ቢጫ ጀሪካን ከጊዜ በኋላ ስታነሱት እጀታው እጃችሁ ላይ እንደሚቀረው፣ ነገሩ ያው ነው። እና ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ አይለያዩም! ኢቲኤፍኢ ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ ትንንሽ ጎድጎድ ያሉ ነጥቦች አሉት ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ፔቱንም በዛ ቅርጽ የሚያትሙ አሉ፣ ስለዚህ በነጥቡ ብቻ አትተማመኑ።

ኢቲኤፍኢ ቢሆንም ግን ፕላስቲክ ፕላስቲክ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ነገር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው፣ እርጥበት በየትኛውም ፕላስቲክ ውስጥ ቀስ እያለ ያልፋል፣ በፊትም በጀርባም፣ በመስታወት ግን አያልፍም። በዛ ላይ የፕላስቲኩ አንሶላ ስስ ስለሆነ ሴሉን የሚደግፈው ነገር የለም። 0.15 ሚሊሜትር የሆነ ሲሊከን ትንሽ ይጎብጣል እሺ፣ ግን በባህሪው የሚሰበር ነገር ነው፣ ቪዲዮው ላይ ሲጎብጥ ሲለቀቅ የምታዩት ያ ፓኔል በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች ይሄን ለመፍታት እየሰሩ ነው፣ በ2023 ቻይናዎች ሴሉን ወደ 60 ማይክሮን አሳንሰው ጠርዙን በማለዝለዝ ስንጥቅ የሚጀምርበትን ቦታ አጥፍተው ከ24 በመቶ በላይ የሚሰጥ የሚታጠፍ የሲሊከን ሴል ሰርተዋል፣ ግሩም ሥራ ነው። ሱቅ ላይ ያለው ግን እሱ አይደለም።

ደብረ ብርሃን አካባቢ ሱቅ ያለው አንድ ዘመድ አለኝ፣ 100 ዋት የተባለ ፍሌክሲብል ገዝቶ በሲሊኮን ማጣበቂያ ቆርቆሮው ላይ ለጥፎት ነበር፣ ለአምፖልና ለስልክ ቻርጅ። ሁለተኛው ክረምት ሲያልፍ ባትሪው አልሞላ አለ። የገጠመለት ልጅ መሰላል ይዞ መጣ፣ እኔም አብሬ ወጣሁ። ፊቱ መጀመሪያ ያበራ የነበረው ደብዝዟል፣ በእጅ ሲዳሰስ ይሻክራል፣ አቧራው ውስጡ የገባ ይመስል በጨርቅ ቢወለወልም አይለቅም። በሴሎቹ መሀል ነጣ ነጣ ያሉ የአየር ፊኛዎች አሉ፣ አንደኛው ሴል ላይ ደሞ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ቡናማ ነጥብ፣ ፕላስቲኩ እዛ ጋ በመቃጠሉ ተሸብሽቧል። ልጁ በመልቲሜትር ሲለካ 20 ቮልት ገደማ አሳየ፣ ዘመዴ «ይኸው ይሰራል እኮ» አለ። ልጁ ቻርጅ ኮንትሮለሩ (ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው ዕቃ) ጋ ወርዶ አምፔሩን ሲለካ ግን ሁለት እንኳን አልሞላም፣ በዛ ቀትር ፀሐይ ከ5 በላይ መሆን ነበረበት። «ቮልቱ አለ፣ ጉልበቱ የለም» አለን።

ያ አባባል በትክክል የሆነውን ነገር ይገልጸዋል። እንዲህ ባለ ፓኔል ውስጥ ሴሎቹ በተከታታይ ነው የሚያያዙት፣ 36 ያህል ሴል። ቮልቱ የሁሉም ድምር ስለሆነ ምንም ነገር ሳይሰካበት ሲለካ ቶሎ አይወርድም፣ አምፔሩ ግን በደካማው ሴል ይወሰናል። አንዱ ሴል ተሰንጥቆ ግማሹ ከተቆረጠ የቀሩት የሚያመጡት ኃይል እሱ ላይ ይጨናነቅና ያግለዋል፣ ያቺ ቡናማ ነጥብ የመጣችው እንዲህ ነው። ዳዮዱ ደህና ከሆነ ግማሹን ሴሎች ዘሎ ያልፋል፣ ያኔ ደሞ ቮልቱ በግማሽ ይወርዳል፣ 12 ቮልት ባትሪ ለመሙላት አይበቃም። በሁለቱም በኩል ተበላ። ስለዚህ ፓኔል ስትገዙ ሻጩ ቮልት ለክቶ ቢያሳያችሁ ምንም አላሳያችሁም፣ ፀሐይ ላይ አውጥቶ አምፔሩን እንዲለካ ጠይቁት።

እዛው መንደር ከሱ በፊት የተገጠመ ባለመስታወት ፓኔል አለ፣ አሮጌ ነው፣ ፍሬሙ አንድ ጥግ ላይ ተጣሟል፣ አሁንም ቴሌቪዥን ያንቀሳቅሳል።

ይሄ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም፣ የኛ ደጋ ለፕላስቲክ መጥፎ ቦታ ነው። ነገሩ ተቃራኒ ይመስላል፣ ምክንያቱም ደጋ ለሲሊከን ምርጥ ቦታ ነው፣ ብዙ ፀሐይና ቀዝቃዛ አየር፣ ሲሊከን ደሞ ብርድ ይወዳል። ግን ከፍታ ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረሩ በየሺህ ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ትጠጋለች፣ ከምድር ወገብም ብዙ አንርቅም፣ ፀሐዩ ከአናት ነው የሚመታው። አውሮፓ ውስጥ በጀልባ ላይ ተለጥፎ ጥቂት ዓመት የቆየ ፕላስቲክ እዚህ ያንኑ ያህል ይቆያል ብሎ ማሰብ አያዋጣም። ቀንና ሌሊቱ መሀል ያለው የሙቀት ልዩነትም አለ፣ ፕላስቲኩ ሲለጠጥ ሲኮማተር ይውላል። በረዶው ሌላው ነው። ዓለም አቀፉ የፓኔል ፈተና፣ አይኢሲ 61215 የሚባለው፣ 25 ሚሊሜትር የሆነ የበረዶ ኳስ በሰዓት ከ80 ኪሎሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት መስታወቱ ላይ ይተኩሳል፣ ጥሩ ፓኔል ይሄን ያልፋል። ፕላስቲኩ ላይ ሲወርድ ፕላስቲኩ አይሰበርም፣ «አይሰበርም» ያሉት እውነታቸውን ነው፣ ከስሩ ያለው ሴል ግን ሊሰነጠቅ ይችላል፣ አንተም አታየውም።

ቆላ ላይ ደሞ ችግሩ ሙቀት ነው። ፓኔል ጀርባው ላይ የተጻፈው ዋት ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ የተለካ ነው፣ ከዛ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ የተለመደው ሲሊከን 0.35 በመቶ ያህል ያጣል፣ ቶፕኮን የሚባለው አዲሱ ዓይነት 0.3 ገደማ፣ ሄትሮጃንክሽን የሚባለው ሌላው አዲስ ዓይነት 0.25 ገደማ። ሰመራ ላይ አየሩ 40 ዲግሪ ሲሆን ከስሩ አየር የሚያልፍበት ባለመስታወት ፓኔል ሴሉ ወደ 70 ይደርሳል እንበል፣ 45 ዲግሪ ትርፍ ነው፣ 16 በመቶ ያህል ሄደ። ያንኑ ሴል ፍሌክሲብል አድርጋችሁ ራሱ በጋለ ቆርቆሮ ላይ ብትለጥፉት ትንፋሽ የለውም፣ 85 ዲግሪ ቢደርስ 21 በመቶ ይሄዳል። የሚያሳስበኝ ግን የዕለቱ ኪሳራ አይደለም፣ ያ ሙቀት ማጣበቂያውን በየቀኑ እያበሰለው መሆኑ ነው። «የትም ይለጠፋል» ቢባልም ፍሌክሲብል የግድ መጠቀም ያለበት ሰው ስስ ሉህ ላይ አስሮ ከጣሪያው ብድግ ማድረግ ይችላል፣ አሥር ሴንቲሜትር ክፍተት ብዙ ነገር ይለውጣል።

ወደ እውነተኞቹ ስስ ፊልሞች ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ዩኒ ሶላር የሚባል የአሜሪካ ምርት ነበር፣ አሞርፈስ (ክሪስታል ያልሆነ) ሲሊከን በማይዝግ ብረት ፎይል ላይ፣ ጣሪያ ላይ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ የሚለጠፍ፣ ጥላና ሙቀት የሚችል ጥሩ ዕቃ። ግን ከአንድ ካሬ ሜትር የሚያወጣው ኃይል ከክሪስታሉ ግማሽ እንኳን አይሞላም ነበር፣ የክሪስታል ዋጋ ሲያሽቆለቁል መወዳደር አቃተው፣ አምራቹ በ2012 ከሰረ። ሲአይጂኤስ የሚባለው፣ ከመዳብ፣ ከኢንዲየም፣ ከጋሊየምና ከሴሊኒየም የሚሰራው፣ የተሻለ ነው፣ የስዊዘርላንዱ የምርምር ተቋም ኤምፓ በ2022 በፕላስቲክ ላይ ቀብቶ 22.2 በመቶ አድርሶታል፣ ያ ላብራቶሪ ውስጥ በትንሽ ሴል ነው። ይሄ ቅብ ግን እርጥበት አይችልም፣ ስለዚህ ላዩ ላይ የሚገባው መከላከያ ፊልም ውድ ነው፣ ርካሽ ሴል በውድ ልብስ ማለት ነው። ከስስ ፊልሞች ሁሉ በገበያ ያሸነፈው ካድሚየም ቴሉራይድ ነው፣ ፈርስት ሶላር የሚባል ኩባንያ የሚሰራው፣ እሱ እንዴት እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ? በሁለት መስታወት መሀል ተጨምቆ። ስስ ፊልም ነው፣ ግን ሃያ ምናምን ዓመት ዋስትና የሚሰጥበት መስታወት ውስጥ ሆኖ ነው። በየቦታው ስለሚወራለት ፔሮቭስካይት ስለሚባለው አዲስ የሴል ዓይነትም ያው ነው፣ በ2009 ከ4 በመቶ በታች የነበረው ዛሬ ከሲሊከን ጋር ተደርቦ ላብራቶሪ ውስጥ ከ34 በመቶ አልፏል፣ ይሄ አስደናቂ ነው፣ የቀረው ፈተና ግን እርጥበትና ሙቀት እንዳይገድለው እንዴት እንሸፍነው የሚለው ነው። ውስጡ እርሳስ ስላለም ሽፋኑ ከተቀደደ ጉዳዩ የኃይል ብቻ አይሆንም።

ጠፈር ላይም ብትሄዱ ይሄው ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከ2021 ጀምሮ እየተጠቀለሉ የሚወጡ አዳዲስ ፓኔሎች ተገጥመውለታል፣ ተጠቅልሎ ይሄዳል፣ እዛ ይዘረጋል። የሚጠቀለለው ግን የተሸከመው ጨርቅ መሳይ ሉህ ነው፣ በላዩ የተደረደሩት ሴሎች ትንንሽና ድርቅ ያሉ ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም ፊታቸው ላይ ስስ መስታወት አለባቸው።

መስታወት የተባለ ሁሉ ደህና ነው እያልኩ አይደለም። በ2010ዎቹ መጀመሪያ የወጡ ብዙ ፓኔሎች የጀርባ ሽፋናቸው ፖሊአማይድ ከሚባል ፕላስቲክ ነበር፣ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ተሰነጣጠቀ፣ በየአገሩ ያሉ ትልልቅ ጣቢያዎች ፊቱ ንጹህ ሆኖ ጀርባው የተቀደደ ፓኔል ለመቀየር ተገደዱ። አሁን ደሞ ፊትና ጀርባው መስታወት የሆነው ፓኔል በሁለቱም በኩል ወደ 2 ሚሊሜትር እየሳሳ ነው፣ በዛ ውፍረት መስታወቱን እንደ 3.2ቱ ማጠንከር ስለሚከብድ ጣቢያዎች ላይ ያለምንም በረዶና ድንጋይ ራሱ እየተሰነጠቀ እያዩት ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ለቤት አሁንም 3.2 ሚሊሜትር ፊት ያለውን እመርጣለሁ።

ፍሌክሲብል ደግሞ ቦታ አለው፣ ያንን መካድ ትክክል አይሆንም። 20 ኪሎ የሚመዝን ፓኔል መሸከም የማይችል ስስ ጣሪያ ያለው መጋዘን፣ የሚንቀሳቀስ መኪና፣ ጀልባ፣ ከብቱን ይዞ የሚዘዋወር አርብቶ አደር፣ ድንኳን ውስጥ ያለ የጤና ቡድን፣ ለነዚህ ቀላልነቱ ራሱ ዋጋ አለው፣ 100 ዋቱ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው፣ ባለመስታወቱ ስድስት ሰባት። እዛ ላይ ኢቲኤፍኢ መሆኑን አረጋግጦ፣ አጥብቆ ሳያጎብጡ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደሚቀየር አውቆ መግዛት ተገቢ ነው። ባለሱቅ ቤቱ አንዴ ገጥሞ ሃያ ዓመት ሊረሳው የሚፈልገው ፓኔል ግን ሌላ ነገር ነው። በዋት ሲሰላ ፍሌክሲብሉ ብዙ ጊዜ ይወደዳል፣ በዓመት ሲካፈል ደሞ ልዩነቱ በጣም ይሰፋል።

የተጋነነ ዋት ላይም ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ፍሌክሲብልና የሚታጠፈው ላይ በብዛት አለ። ቁመቱን በወርዱ አባዙት። ከአንድ ካሬ ሜትር ገበያ ላይ ያለ ጥሩ ሲሊከን 220 ዋት አካባቢ ነው የሚሰጠው። 60 በ90 ሴንቲሜትር የሆነ ፓኔል 0.54 ካሬ ሜትር ነው፣ 120 ዋት ቢሰጥ እሰየው፣ ላዩ ላይ 300 ዋት ተብሎ ከተጻፈ ጽሑፉ ውሸት ነው፣ የትኛውም ሴል ቢሆን።

ይሄን ሁሉ የምለው አገራችን ሶላር ላይ የምታደርገው ነገር እየጨመረ ስለሆነ ነው። በ2019 የወጣው ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ከሕዝቡ 35 በመቶ የሚሆነው ከግሪድ ውጪ፣ በአብዛኛው በሶላር፣ መብራት እንዲያገኝ ያቀደ ነበር። በ2025 ደሞ ቶዮ የሚባለው ኩባንያ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሶላር ሴል ማምረት ጀምሯል፣ መጀመሪያ በዓመት 2 ጊጋዋት ተብሎ የተጀመረ፣ ትልቅ ነገር ነው። ምርቱ ግን ሴል ነው፣ ወደ ውጪ ነው የሚሄደው፣ ሴል ደሞ ፓኔል አይደለም። ሴሉን ፓኔል የሚያደርገው መስታወቱ፣ ኢቪኤው፣ የጀርባው ሽፋንና ፍሬሙ ነው፣ ከነዚህ ውስጥ ከባዱና ለማጓጓዝ የሚያስቸግረው መስታወቱ ነው፣ እዚህ ለመሥራት ከተፈለገ ትርጉም ያለው የሚመስለኝም እሱና አሉሚኒየሙ ነው። እስከዛ ግን አንድ ቀላል ነገር አሁኑኑ ማድረግ ይቻላል። ወደ አገር የሚገባ ፓኔል ሁሉ ከጀርባው በሚለጠፈው ወረቀት ላይ ከዋቱና ከቮልቱ ጋር ፊቱ ከምን እንደተሰራ፣ መስታወት ከሆነ ስንት ሚሊሜትር፣ ፕላስቲክ ከሆነ ፔት ይሁን ኢቲኤፍኢ፣ በአማርኛ ተጽፎ እንዲገባ ማስገደድ። አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፣ አምራቹ መልሱን ያውቀዋል፣ የማያውቀው የሚገዛው ሰው ብቻ ነው።